ነጋዴው ስልኩን ያላነሳበት ፊልም

ፊልም ሳያይ ለሰው ፊልም የሚመርጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ እነሆ አንድ። የረጅም ርቀት አውቶቡስ ሹፌር ነው። በመንጃ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ነው፤ መንገደኛው ግን «ጋሼ ጆሮ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት የገዛ ረዳቱ ነው፤ ረዳቱ ደግሞ የሚስቱ ወንድም በመሆኑ ተቀብሎ ከመኖር በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውቶቡሱ ቴሌቪዥን የተሰቀለው ከሹፌሩ ጭንቅላት በስተኋላ ነው፤ ፊቱን ለተሳፋሪው፣ ጀርባውን ለሹፌሩ ሰጥቷል። ስለዚህ ጆሮ መሪ ከጨበጠ ጀምሮ ስፍር ቁጥር የሌለው ፊልም ሰምቷል፤ አንዱንም አላየም። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሚስቱ ሪሞቱን ፈልጋ እስክታገኝ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል።

«ላም አለኝ በሰማይ ማለት አንተ ነህ» ይለዋል ረዳቱ።

ይሁን እንጂ መናኸሪያው ውስጥ ጥሩ ፊልም የፈለገ ሰው የሚሄደው ወደዚሁ ሰው ነው። ጆሮ ፊልም የሚመዝነው በተሳፋሪ ነው። ከፊቱ ያለችው ስፖኪዮ ፊታቸውን ታሳየዋለች፤ የቀረውን ጆሮው ይነግረዋል። ብስኩት የሚያኝከው ማኘኩን ሲያቆም፣ «ሹፌር፣ ሽንት!» የሚል ሲጠፋ፣ የኋላ ወንበር ጎረምሶችና የፊት ወንበር እናቶች እኩል ሲስቁ፣ ያ ፊልም በእሱ ዘንድ አለፈ ማለት ነው። የፊልሞቹን ርዕስ አያውቅም፤ አውቃለሁም አይልም። «መነኩሲቷ የሳቁበት» የሚለው አለ። «ኮሎኔሉ መነጽሩን የጠረገበት» የሚለው አለ። «እጮኛሞቹ የተኳረፉበት» የሚባል ተከታታይም አለው፤ እሱን እጅ ለእጅ ተያይዞ ለሚሳፈር ሰው በጭራሽ አያሳይም።

«ጋሼ ጆሮ፣ ለዛሬ ምን ልይ?» ትለዋለች ትኬት ቆራጯ።

«ከማን ጋር ነው የምታይው?»

«ከአማቴ ጋር።»

«እንግዲያውስ መነኩሲቷ የሳቁበትን። ሁለት ወንድማማቾች ዳቦ ቤት ከፍተው ዱቄት መግዛት የረሱበት ነው። ተከታታይ ግን አደራሽን እንዳትጀምሪ፤ ከአማት ጋር ተከታታይ ከጀመርሽ ጠቅልላ ነው የምትገባልሽ።»

አንድ ጊዜ ሚስቱን በቅርቡ የቀበረ ሰው መጥቶ የሚያስቅ ነገር እንዲነግረው ጠየቀው። ጆሮ ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ አሁን የሚያስቅ ነገር ብታይ ትናደዳለህ። አንድ ቀስ ያለ ተከታታይ አለ። ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ በየክፍሉ አንድ ሰው የተበላሸ ሰዓት ይዞ ይመጣል። ሰዓቱ ሁልጊዜ ይጠገናል፤ ሰውየው አንዳንዴ። በቀን አንድ ክፍል ብቻ እይ፣ እንዳታበዛው» አለው። ሰውየው ከርሞ ሲመለስ የጆሮን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆይቶ ሄደ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን ስክሪኖቹ ከአውቶቡሶቹ ሁሉ ሊነሱ ነው የሚል ወሬ የደረሰው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወሬውን ከሁሉ መጨረሻ የሰማው እሱ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ወጣ።

ሥራ አስኪያጇ የአውቶቡሶቹ ሟች ባለቤት ልጅ ናት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አባቷ ያስረከባትን ድርጅት ቀጥ አድርጋ የያዘች፣ ሰዓት የምታከብር፣ ያመነችበትን የምትናገር ናት።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ስልክ አለው» አለችው ወንበር እየሳበችለት። «የፈለገውን መርጦ በራሱ ኢርፎን ያያል። ስክሪኑ ነጋ ጠባ ይበላሻል። አንዱ ድምፅ ቀንሱ ይላል፣ አንዱ ጨምሩ ይላል፤ እኔ ስሞታ ስሰማ ነው የምውለው። ምን ይሁን ብዬ ልያዘው?»

እውነቷን ነበር፤ ጆሮም እውነቷን መሆኑን አልካደም። «ልጄ» አላት፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምውለው። ከራሴ በላይ ‹ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው› ብላችሁ ጽፋችኋል። እኔና እነሱ የምንገናኘው በዚያ ፊልም ነው። እኩል ሲስቁ ስሰማ እኔም እስቃለሁ፣ ሲደነግጡ እደነግጣለሁ። ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ከተቀመጠ ምንድነው የምነዳው? ጆንያ ነው? ለጆንያማ የጭነት መኪና አለልሽ።»

ሥራ አስኪያጇ ሳቀች፤ ሐሳቧን ግን አልቀየረችም።

«በይ እንዲህ እናድርግ» አለ ጆሮ። «ነገ ከእኔ ጋር ተሳፈሪ። ፊልሙን እኔ እመርጣለሁ። ስንደርስ ግማሹ ተሳፋሪ እንኳ ኢርፎኑን ሰክቶ ካገኘሽው፣ ያኔ ንቀሉት። ትንፍሽ አልልም።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

«መልካም። ቴክኒሻኑ መፍቻውን ይዞ መድረሻው ላይ ይጠብቀናል» አለች። ይህችን ስትናገር ፊቷ ላይ የጨዋታ ምልክት አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ረዳቱ ፍላሾቹን በመዳፉ ዘርግቶ ቀረበ። «የትኛውን ልሰካ?»

«ነጋዴው ስልኩን ያላነሳበትን።»

ረዳቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያ ፊልም ባለፈው ወር ሲታይ፣ ከተነሱበት ደቂቃ ጀምሮ በሁለት ስልክ ሲጮህ የነበረ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ፊልሙ መሀል ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ዳግመኛም ጮኸ። ነጋዴው ስልኩን «ዝም በል አንተ!» ብሎ ተቆጥቶ ኪሱ ከተተው። ጆሮ ይህን በስፖኪዮ አይቷል። በፊልሙ ውስጥ ያለችው አንዲት የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ አንድ ልጇ በከባድ ወንጀል ተከሶ፣ ምስክር ሆና የተጠራችው ራሷ እናትየዋ ናት።

«ጋሼ፣ አብደሃል? እዚያ ላይ መኪና ማባረር የለ፣ ተኩስ የለ! አንዲት ልብስ አጣቢና አንድ ፍርድ ቤት! ለእንዲህ ያለ ቀንማ ተኩስ ነው የሚሻለው።»

«ተኩሱማ ስልካቸውም ላይ አለ» አለ ጆሮና ሞተሩን አስነሳ።

አውቶቡሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ወጣ። ሥራ አስኪያጇ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ፊልሙ ሲጀምር ጆሮ ወደ ስፖኪዮዋ ቀና ብሎ ቢያይ ጭንቅላት ሁሉ ወደ ስልክ አጎንብሷል፤ በየጆሮው ነጭ ገመድ ተንጠልጥሏል። እናትየዋ አንሶላ ታጥባለች፣ ውሃው ይንቧቧል፣ የሚሰማት የለም። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። ጆሮ በገዛ አፉ ያመጣውን ጣጣ እያሰበ ራሱን ረገመ።

ከዚያ፣ ከወደ መሀል፣ ሹራብ የምትሠራ አንዲት ወይዘሮ ክሯን ጭኗ ላይ ጣለችና «ኧረ ልጁን!» አለች ጮክ ብላ። አጠገቧ ያለው ተማሪ አንዱን ኢርፎን ነቀለ።

«ምን አለች?» አላት።

ጆሮ የሚጠብቃት ይህችን ጥያቄ ነበር። ምን አለች ብሎ የጠየቀ ሰው በሩን አልፎ ገብቷል። ወይዘሮዋ ነገረችው፤ ከኋላቸው ያለው ሰውዬ «እንደሱ አይደለም ያለችው» ብሎ አረማት። እንዲህ እንዲህ እያለ ነጩ ገመድ ከየጆሮው ተነቀለ። ፖሊሶቹ የእናትየዋን በር ሲያንኳኩ አውቶቡሱ ውስጥ የሚሰማው የጎማው ድምፅ ብቻ ሆነ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጦርነት ተነሳ። ግማሹ ተሳፋሪ «እውነቱን ትናገር፣ የሞተውም እናት አለው!» ሲል፣ ግማሹ «እናት በልጇ ላይ? አንተን የወለደች አትስማህ!» ይላል። ጆሮ መሪውን ይዞ ብቻውን ይስቅ ነበር። ደስታው ከዓይኑ እስኪፈስ ድረስ ደስ አለው።

ረዳቱ ግን ፊቱ አመድ መስሎ በመተላለፊያው መጣ። «ጋሼ» አለ በሹክሹክታ፣ «ድልድዩ!»

ጆሮ ያኔ ትዝ አለው። ባለፈው ወር ድልድዩ ተሰብሮ ኮረብታውን ዞረው ነበር የሚሄዱት፤ ፊልሙም መናኸሪያው በር ላይ ሲደርሱ ነበር የሚያልቀው። በዚህ ሳምንት ድልድዩ ተጠግኖ ተከፍቷል። መንገዱ አጥሯል፤ ፊልሙ ግን እንደረዘመ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ደግሞ ፊልምን በመንገድ በሚለካ ሰው ካልሆነ በማንም አይደርስም።

«ጎማ ተነፈሰ ብለን እናቁም» አለ ረዳቱ። «እኔ ሥር ገብቼ ጥቂት እንኳኳለሁ።»

«አይሆንም።»

«እሺ ቀስ በል! ሰዓት አክባሪ ነበር ተብሎ ሐውልት አይቆምልህ!»

«ስማ» አለ ጆሮ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ፊልሙ ካላስቀመጣቸው እኔ በጎማ አላስቀምጣቸውም። ሥራ አስኪያጇም ሰዓት እያየች ነው፤ በሰዓቱ እንገባለን።» ይህን ብሎ ማርሹን ቀየረ።

በሰዓቱ ገቡ። ቴክኒሻኑ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይጠብቃል። ጆሮ ቦታው ላይ አቆመ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከኋላው ዳኛው «እናት፣ ልጅዎ በዚያ ምሽት ቤት ነበር ወይስ አልነበረም?» ሲሉ ሰማ። እናትየዋ ትንፋሿን ሳበች። በዚህች ቅጽበት የጆሮ እጅ፣ ለዘመናት እንደለመደው፣ ጆሮን ሳያማክር ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ።

ስክሪኑ ጠቆረ።

የተነሳውን ጩኸት የሰማ ሰው አውቶቡሱ ገደል የገባ ይመስለው ነበር። «ምን ነካህ ሰውዬ!» «አብራው!» «እግዚአብሔር ይይልህ!» «ወይኔ፣ ልትናገር ስትል!» ሹራብ ሠሪዋ መርፌዋን ነቅንቃበታለች። ከሁሉም ድምፅ በላይ ግን አንድ ድምፅ ነበር፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆማ፣ ቦርሳዋ መሬት ወድቆ፣ «ቁልፉን! ጋሼ፣ ቁልፉን!» የምትለው ሥራ አስኪያጇ ነበረች።

ጆሮ ሞተሩን መልሶ አስነሳ። ስክሪኑ በራ፤ በራና ከመጀመሪያው፣ ከአንሶላው ማጠብ ጀመረ። ሕዝቡ አለቀሰ ቢባል ይቀላል። ረዳቱ ሪሞቱን ይዞ ወደፊት ሲያስኬድ የተሳፋሪው ሁሉ ጣት በአየር ላይ ነው፦ «እለፈው! እለፈው! አይ አለፍከው፣ ተመለስ! ደንቆሮ፣ ተመለስ እንጂ!» ከኋላ ወንበር ያሉት መተላለፊያው ላይ ተጋፍተው ቆሙ። የመናኸሪያው ዘበኛ ፊሽካውን እየነፋ መጥቶ በሩን ከፈተ።

«ሞተር አጥፋ! ቆሞ ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው!»

«ሽሽሽ!» አለው አውቶቡሱ በአንድ አፍ።

ዘበኛው ደረጃው ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ ወዲያ ፊሽካው ከአፉ ወድቆ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ከትከሻው በላይ ቴክኒሻኑ አንገቱን አስግጎ ይመለከታል። ደግሞ ዳኛው ጠየቁ፤ ደግሞ እናትየዋ ትንፋሿን ሳበች።

ምን እንዳለች አልነግራችሁም፤ ፈልጋችሁ እዩት። መልሷን ስትሰጥ ግን ያ ቅድም ለሁለት ተከፍሎ የተጣላ ሕዝብ በአንድነት አቀረቀረ። ተማሪው አለቀሰ። ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። ፊልሙ ሲያልቅ አንዱ አጨበጨበና ሁሉም ተከተለው፤ ሊቀበሏቸው የመጡ ዘመዶች በመስኮቱ እያዩ ምን እንደሆነ ግራ ገባቸው። ሰዎቹ ወረዱ፣ ግን አልተበተኑም፤ ሻንጣቸውን መሬት አስቀምጠው ክርክሩን እዚያው አስፋልቱ ላይ ቀጠሉት። ሲወርድ ጆሮን ትከሻውን ያልነካ አልነበረም። «ጋሼ፣ ከነገ ወዲያ ስመለስ ምንድነው የምታሳየን?» ያለው ብዙ ነው።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጇ ብቻ ቀረች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ በእጇ ጀርባ ጠረገቻቸው እንጂ አልደበቀችም። ቴክኒሻኑ መፍቻውን ይዞ ገባና ስክሪኑ ሥር ቆመ።

«ልፍታው እንግዲህ?»

«እስኪ ንካውና!» አለችው።

ሰውዬው መፍቻውን ዝቅ አደረገ።

«ይልቅ ከኋላ ያሉት አልሰማ እያላቸው ነው እዚህ ድረስ ተጋፍተው የመጡት» አለች ቦርሳዋን ከወለሉ እያነሳች። «አንድ ድምፅ ማጉያ ከኋላ ጨምርበት። ዛሬውኑ። የሌሎቹንም አውቶቡሶች እንደዚሁ።»

የጆሮ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ፤ ረዳቱ ከኋላ መጥቶ አቀፈው። ሞተሩን ያጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።