እጇን ሆዷ ላይ ያደረገችው ማርያም

ኤቮራን የለቀቅን ምሽት ባሌን ዳዊትን ሻንጣዎቹ ጋ አቁሜ ወደ ካቴድራሉ ሮጥኩ። ኤቮራ ዳዊት ካልጋሪ ሥራ እስኪያገኝ የኖርንባት የፖርቱጋል ከተማ ናት። የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ሮጥኩ ስል እንግዲህ ይታያችሁ። በረኛው ሽማግሌ ሊዘጉ ሲሉ ደረስኩ። ሆዴን አይተው፣ ትኬቱ ለአንድ ሰው ነው፣ ሁለተኛው በነፃ ይግባ ብለው አሳለፉኝ።

ካቴድራሉ ከውጭ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል፤ ግራጫ ጥርብ ድንጋይ፣ የማይመሳሰሉ ሁለት ማማዎች፣ ከበሩ ግራና ቀኝ የድንጋይ ሐዋርያት። የኛ ሐዋርያት ከሥዕላቸው ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩናል፤ እነዚያ ግን እርስ በርስ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ቅስት ከቅስት እየተያያዘ ይሄዳል። በወርቅ በተለበጠ መንበር ላይ እርጉዝ ማርያም ቆማለች፤ ከእብነ በረድ የተቀረጸች፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ። ገብርኤል ከማዶ ያያታል። እኛ ለሥዕል እንጂ ለሐውልት አንሰግድም፤ መጀመሪያ ሰሞን በጎን እያየኋት አልፍ ነበር። ሳረግዝ ግን እሷ ጋ ተመላለስኩ። ያን ምሽት "አብረን እንውለድ" አልኳት።

ካልጋሪ የገባነው በዲሴምበር ነው፤ ትንፋሻችን ሻርፓችን ላይ በረዶ ይሠራ ነበር። ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ቤት ሥር ቤዝመንት ተከራየን። አከራያችን ጋሽ ተሾመ ሆዴን ሲያዩ፣ ልጃቸው ናይት ሺፍት ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ የሕፃን ለቅሶ እንደማይሆን፣ ስወልድ ቤቱን ለቀን ሙቭ ማድረግ እንዳለብን ነገሩን።

"እንዳያለቅስ ከአሁኑ እነግረዋለሁ፣ ጋሼ" አልኳቸው። ሳቁ።

አላለቀሰም። ዘጠነኛው ወር ሲገባ መንቀሳቀሱን አቆመ። ሆስፒታል ወለድኩት፣ ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ቀረ። መሬቱ በረዶ ስለነበር መቃብሩን በማሽን ቆፈሩለት።

ጋሽ ተሾመ ሊያጽናኑን መጡ። "እንግዲህ ሙቭ ማድረግ አያስፈልጋችሁም" አሉን። ክፋት የላቸውም፣ ማጽናናታቸው ነው። ዳዊት "እሺ ጋሼ፣ ቴንኪው" ሲላቸው ሰማሁ። ያን ቀን ሁለቱንም ጠላኋቸው።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን ያለችው ማርያም ልጇን ታቅፋለች። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥቼ መቃብሩ ላይ ያደረውን በረዶ እጠርጋለሁ።

ትናንት እናቴ ከአገር ቤት ደወለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቶቹ ስታወራ ቆየችና ድምጿ ተለወጠ።

"በቃ ነይ። ብርዱ እስኪያልፍ እንኳ እኔ ጋ እረፊ።"

"እሱን ለማን ትቼ፣ እማ?"

ዳዊትን ያልኩ መሰላት።

"እሱማ ትልቅ ሰው ነው" አለችኝ፣ "ራሱን ይችላል።"