ሦስት ቀን ለማድሪድ፣ ሦስት ቀን ለባርሴሎና

ማናጀሬ ኮምፒውተሯን እያየች «ስድስት ቀን ሊቭ ይቀርሻል፤ እስከ ማርች መጨረሻ ካልወሰድሽው ይቃጠላል» አለችኝ። የምሠራው ለንደን፣ ኤድመንተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የዓመት ፈቃድ ወስጄ የሄድኩት አገር ቤት ብቻ ነው፤ እሱም እረፍት አይባልም፤ ሻንጣ አራግፎ፣ ዘመድ ሲጠይቁ ሰንብቶ፣ ከበፊቱ የባሰ ደክሞ መመለስ ነው። ስለዚህ ስድስት ቀን ስትለኝ ደስ በመሰኘት ፈንታ ተናደድኩ። ምን ላደርግበት ነው? ክፍሌ ቁጭ ብዬ ከግድግዳ ጋር ላወራ?

ለነገሩ የምሄድበት ቤት ነበረኝ። አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ ኬኒንግተን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። የእኔ አልጋ መስኮቱ ጋ፣ የእሷ በሩ ጋ ነበር። በኋላ ባል ተከትላ ባርሴሎና ሄደች። ባልየው ጥሏት ወደ ሌላ አገር ሲሻገር እሷ እዚያው ቀረች፤ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። በሠፈሯ አበሻ የሚባል የለም። እኔ ደግሞ ለንደን ሙሉ አበሻ እያለ ሰው የለኝም፤ ጠባዬ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ እቀመጥና ሰው ሰላም ሳይለኝ ቀድሜ እወጣለሁ።

ኬኒንግተን እያለን ከእሷ ጋር አንድ ነገር ተነጋግረን ነበር። የምናውቃት አንዲት ልጅ የአባቷን ሞት አውቶቡስ ውስጥ ቆማ በስልክ ሰማች። ማንም ዞር ብሎ ሳያያት እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄደች። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው በልቶ ተኝቶ ካደረ በኋላ፣ ንጋት ላይ፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ልጅቷን ጠይቀን ስንመለስ ጓደኛዬ «የእኔን አንቺ ትነግሪኛለሽ፤ ያንቺን እኔ። ሌላ ሰው እንዳይነካው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለየወንድሞቻችንም አስታወቅን፤ አንዳቸውም ስልክ አንስተው ለእኛ እንዳይናገሩ፣ መጀመሪያ ለጓደኛ እንዲደውሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

እና ስድስቱ ቀን የእሷ መሆን ነበረበት። ግን ማድሪድን ፈለግኩ። በመጦሪያው ኮሪደር ላይ አንድ ካላንደር ተሰቅሏል፤ ማንም ሳይገልጠው አንድ ወር ላይ ቆሞ ቀርቷል። ሥዕሉ የማድሪድ መናፈሻ ነው፤ ሐይቅ አለ፣ ሐይቁ ላይ ትናንሽ ጀልባዎች አሉ። አልጋ አንሶላ ታቅፌ በቀን ሀያ ጊዜ በፊቱ አልፋለሁ። አንድ ቀን እዚያ ሄጄ፣ ማንንም ሳላጥብ፣ ማንንም ሳላጎርስ እቀመጣለሁ እያልኩ ነው ዓመቱን የገፋሁት።

«ማድሪድ ማን አለሽ?» አለችኝ ጓደኛዬ ስነግራት።

«ሐይቅ አለኝ።»

«እዚህ ባሕር አለልሽ። ስድስቱንም ቀን እዚህ ነሽ፤ አለቀ።»

አላለቀም። አንድ ሳምንት ተከራከርን። አምስት ለእኔ አንድ ለሐይቅሽ አለች፤ አራት ለሐይቄ ሁለት ላንቺ አልኳት፤ አኮረፈች፤ ደወልኩ፤ ሳቀች። በመጨረሻ እንደ ቅርጫ ሥጋ እኩል ተካፈልነው፤ ሦስት ሦስት። «መጀመሪያ ማድሪድን ጨርሼ፣ ልቤ አርፎ አንቺ ጋ እመጣለሁ» አልኳት። እሷም ለሦስቱ ቀን ከሥራዋ ፈቃድ ጠየቀች። ዓርብ ወደ ማድሪድ የምበርበትን፣ እሑድ አመሻሽ በባቡር ወደ ባርሴሎና የምሄድበትን ቡክ አደረግኩ።

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ደወለ። ድምፁን ስሰማ ገባኝ።

«እናታችን አረፈች። ትናንት ቀበርናት» አለኝ። «እህቴ ምንም አልሰማችም። አንቺ ዓርብ ስፔን ትሄጃለሽ አይደል? እሷ ብላኝ ነበር። እዚያ ሰው የላትም፤ አደራሽን።»

«አይዞህ፣ ለእኔ ተወው» አልኩት። ዓርብ የምሄደው ማድሪድ መሆኑን አልነገርኩትም።

ክፍሌ ገብቼ ቼክ አደረግኩ። ዓርብ ጠዋት ወደ ባርሴሎና የሚሄድ አውሮፕላን ነበር፤ ቦታም ነበረው። ይህን አልዋሽም። ሞባይሌን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ፤ በዚህስ ማንም አይችለኝም። መርዶ አይቸኩልም፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ስንት ሳምንት ሲያቆዩት አይቻለሁ አልኩ። እናቷ ሞተው ተቀብረዋል፤ ሦስት ቀን ምን ይጨምራል? እንዲያውም ሦስት ቀን ሳቋን ትሳቅ፤ ይህም ውለታ ነው አልኩ። እውነቱ ግን ሐይቁን ፈልጌ ነው። ከራስ በላይ ነፋስ ይባል የለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ጋ ደረስኩ። ከካላንደሩ ያንሳል፤ ውኃውም አረንጓዴ ነው። ጀልባዎቹ ላይ ጥንድ ጥንድ ሰው እየቀዘፈ ይሳሳቃል። ብቻዬን ጀልባ መከራየት አሳፈረኝና አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጥርሴን ፈገግ አድርጌ ፎቶ ተነሳሁና ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ደስ ብሎሻል?»

«በጣም።»

«በቃ አየሽው አይደል? ነገ ነይ። ባቡሩ ሦስት ሰዓት አይሞላም።»

«ድርሻዬን አትንኪ» አልኳት፤ ሳቅሁም። እሷም ትንሽ ሳቀች።

ቅዳሜ ዘነበ። ሆቴሌ ውስጥ ዳቦ እየበላሁ በመስኮት የሰው ጃንጥላ ስቆጥር ዋልኩ። ቀኑ አልመሽ አለኝ። መስታወት ፊት ቆሜ እንዴት እንደምነግራት ተለማመድኩ፤ «እናትሽ» ላይ ስደርስ እያቆምኩ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እሷ ደወለችና «ዛሬስ ነይ ብልሽ አትመጪም?» አለችኝ። ዝናቡን አስቤ፣ የከፈልኩትን ክፍል አስቤ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊቷን ማየት ፈርቼ «ነገ ማታ እኮ ነው፤ ምን ያንቀለቅልሻል» አልኳት። «እሺ» አለችና ዘጋችው። እሑድ የጠየቀችኝ ባቡሩ የሚደርስበትን ሰዓት ብቻ ነው።

ጣቢያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። አቅፋኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም። ዓይኗ አብጧል፤ «ሺፍት በዝቶብኝ ነው» አለች። ቤቷ ስንገባ ምስር ወጥ ሠርታ፣ አልጋዋን ለእኔ አንጥፋ፣ ለራሷ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ነበር። እሷ እህሉን ትነካካለች እንጂ አትበላም። እኔ ደግሞ በልታ እንድትተኛ ፈልጌያለሁ፤ በባዶ ሆዷ መርዶ እንዳትሰማ። አጎረስኳት። አላንገራገረችም፤ ዓይን ዓይኔን እያየች አፏን ከፈተች። ሦስት ጊዜ አጎረስኳት።

ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። ከሻንጣዬ ሥር የደበቅኩትን ነጠላ አውጥቼ አዘቀዘቅኩትና ፍራሿ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነቅታ ጣራ ጣራ ታያለች። ጥቁር ሹራብ ለብሳለች።

«እናትሽ…» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

ማን እንደነገራት ጠየቅኳት።

«ዓርብ ጠዋት የአጎቴ ልጅ ፌስቡክ ላይ የእናቴን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፋ አየሁት። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የሰው አልጋ እያነጠፍኩ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ‹ጓደኛሽ አልደረሰችም እንዴ? ረቡዕ ነግሬያታለሁ እኮ፤ ዛሬ ትመጣለች› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ነይ አልኩሽ እኮ» አለች። «ሁለት ጊዜ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ የእሷን ጨርሳዋለች። ተነሥታ ውኃ አመጣችልኝ፤ ጠጪ ብላ ጀርባዬን ደባበሰችኝ። ልደግፋት የሄድኩት ሴትዮ እኔው ተደግፌ ተነሣሁ። ማፈር ይህን ያህል እንደሚያም ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ለእኔ ብላ የጠየቀችውን ፈቃድ ትታ ሥራ ገባች። «ቤት ከምቀመጥ ይሻለኛል፤ አንቺ ባሕሩን እይ» አለችኝ። የቀሩትን ሁለት ቀናት ባሕሩ ዳር ብቻዬን ተቀመጥኩ። ቅርጫው እንዲህ ተበላ።

አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻለኝ ነበር፤ ተጣልቶ መታረቅ አለ። ለንደን ተመልሼ በስልክ ይቅርታ ስጠይቃት «ምን አጠፋሽ? ትኬት ቆርጠሽ ነበር» አለችኝ። ስደውል ታነሳለች፤ ደህና ነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በይ ደህና ሁኚ። ነይ ብላኝ ግን አታውቅም። ሥራ ስመለስ የኮሪደሩን ካላንደር ገለጥኩት፤ ቀጣዩ ሥዕል ተራራ ነው።

ባለፈው ወር የእኔ ወንድም ደወለ። እናታችን ከታመመች ሰንብታለች። ስለ ዝናብ አወራ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራ፤ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ቆይቶ፣ «እንደው ምን ይታወቃል» አለኝ፤ «ምናልባት አንድ ነገር ቢሆን የምንደውለው ለዚያችው ባርሴሎና ላለችው ጓደኛሽ ነው አይደል? ቁጥሯ አልተቀየረም?»

ቁጥሯ አልተቀየረም። ብትጠየቅ ትመጣለች፤ በመጀመሪያው አውሮፕላን እንደምትመጣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አፌን ሞልቼ አዎ ማለት ያቃተኝ።

«አይ፣ እሷን አታስቸግሩ» አልኩት። «ራስህ ደውለህ ንገረኝ።»

«በስልክ? ብቻሽን ሆነሽ?» አለ ወንድሜ።

«ጠዋት ደውል። በልቼ እጠብቅሃለሁ» አልኩት።