ቪዲዮ የምታውሰው ውብነሽ

ውብነሽ በጅቡቲ ከተማ የኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ቪዲዮ እንዴት እንደምትቀርጽ ብትጠይቋት ከካሜራው በፊት የምትነግራችሁ ስለ ሙቀቱ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር ሲዞር በምትቀርጽበት ስልክ ውስጥ እንደ አውሮፕላን ይጮኻል፤ ስለዚህ መጥፋት አለበት። ከጠፋ ደግሞ በዚያ ክፍል ሰው ተቀምጦ ማውራት የሚችለው ለሰባት ደቂቃ ያህል ነው። በስምንተኛው ላብ ዓይን ውስጥ ይገባል። ይህን ያወቀችው በሰዓት ለክታ ነው፤ ቪዲዮዎቿ ሁሉ ከሰባት ደቂቃ የማይበልጡትም ለዚሁ ነው።

ነገሩን ያስጀመረቻት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ ኢማን ናት። "ቲቸር፣ አያቴ ወደብ ላይ ነበር የሚሠራው። ስለሱ ሥራ የሚያወራ መጽሐፍ አለ?" አለቻት። ውብነሽ መደርደሪያዎቹን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸች። ስለ ፕላኔቶች አለ፤ ስለ ዓሣ ነባሪም አለ። ስለ ጅቡቲ ወደብ ግን በአማርኛ አንድ ገጽ የለም። መጽሐፉ ባይኖርም ሠራተኞቹ አሉ ብላ ሽማግሌዎችን እየጋበዘች በስልኳ መቅረጽና ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመረች።

ብልሃቷን ማስረዳት ደስ ይለኛል። ዩቲዩብ ላይ የሚጫን ቪዲዮ ለሁሉም ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ብቻ እንዲያየው ሊደረግም ይችላል፤ በመካከል ደግሞ ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ የሚያየው አለ። ውብነሽ ሦስቱንም ሞክራ መካከለኛውን መረጠች። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ እንደ መጽሐፍ ቁጥር ሰጠችው፤ ሊንኩን ካርድ ላይ አትማ ካርዱን በአሮጌ የመጽሐፍ ሽፋን ውስጥ ከተተችና ከመጻሕፍቱ መካከል አቆመችው። ተማሪው ፈርሞ ይወስዳል፤ በሦስተኛው ቀን ይመልሳል። በአንድ ወር ውስጥ ካርዶቹ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተወሰዱ! ከዚያ በፊት በወር አሥር መጽሐፍ ከወጣ ብዙ ነበር።

አምስተኛው ተናጋሪ ጋሽ ጸሐዬ ነበሩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በወጣትነታቸው ወደቡ አጠገብ በነበረ የግል መጋዘን ዕቃ ተረካቢ ነበሩ።

"ማን ነው የሚያየው?" አሉ ከመቀረጻቸው በፊት።

"ልጆቹ ብቻ ናቸው፣ ጋሽዬ። ተውሰው አይተው ይመልሳሉ።"

"እንግዲያው ለልጅ የሚጠቅም ነገር ልናገር።"

ተናገሩም። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ግድም መስታወት የታሸገበት ሣጥን ከእጃቸው አምልጦ ተሰበረ። አለቃው ሲመጣ "ሽብሩ ነው" አሉ። ሽብሩ ምሳውን የሚያካፍላቸው የሥራ ጓደኛቸው ነበር። በዚያው ሳምንት ተባረረ። "እሱ ልጆች ነበሩት፤ እኔ ገና አላገባሁም ነበር። ቢያባርሩኝ ምን እሆን ነበር?" አሉ ወደ ስልኩ እያዩ።

ካርዱን መጀመሪያ የወሰደችው ኢማን ነበረች። እናቷ አብራት አየችና ሊንኩን ለእድር ጓደኞቿ ላከች። በሦስተኛው ቀን ውብነሽ የተመልካቹን ቁጥር ስታይ ስድስት መቶ አርባ ደርሷል። መጀመሪያ በደስታ አጨበጨበች። ቀጥሎ የተማሪዎቹ ብዛት ሁለት መቶ አሥር መሆኑ ትዝ አላት።

በማግስቱ ጋሽ ጸሐዬ መጡ።

"ይመለሳል አላልሽኝም?"

"ካርዱማ ተመልሷል፣ ጋሽዬ..."

"ካርዱን ምን ላድርገው! ዛሬ እንቁላል ስገዛ ባለሱቁ 'ጋሼ፣ ቢሰበር በማን እናላክክ?' ብሎ ሳቀብኝ።"

ይህ ስህተት ዕድሜዋን ሙሉ መጽሐፍ ስታውስ የኖረች ሴት የምትሠራው ስህተት ነው። መጽሐፍ ሲመለስ የተዋሰው ሰው እጅ ባዶ ይቀራል። ሊንክ ግን ካርዱ ቢመለስም እዚያው የወሰደው ሰው ስልክ ውስጥ ነው። ውብነሽ ይቅርታ ጠየቀችና ቪዲዮውን ከእሷ በቀር ማንም እንዳያየው ዘጋችው።

በነጋታው አንዲት ሴት ከከተማው ዳር ካለው ባልባላ ሰፈር በሚኒባስ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። "የምስራች ሽብሩ እባላለሁ" አለች። "ትናንት ጓደኛዬ 'ስለ አባትሽ ይናገራል' ብላ ቪዲዮ ላከችልኝ፤ ስከፍተው የለም። አባቴ እስኪሞት 'አልሰበርኩም' እንዳለ ነው። እናቴ እንኳ አላመነችውም። አሁን ዓይኗ አያይም፤ ጆሮዋ ግን ይሰማል። እሷ ሳትሞት ላሰማት ነው።"

ውብነሽ ስልኳን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ንግግሩ የጋሽ ጸሐዬ ነው፤ አንድ ጊዜ ቃሏን አጥፋባቸው ነበር። ሴትዮዋን አስቀምጣ ደወለችላቸው። ጋሽ ጸሐዬ ነገሩን ከሰሙ በኋላ ጠየቁ።

"ሚስቱ ጥበብ በሕይወት አለች?"

"አሉ፣ ጋሽዬ።"

"እንግዲያው በስልክ አይሆንም። ራሴ እሄዳለሁ።"

ሦስቱም አብረው ወደ ባልባላ ሄዱ። ወይዘሮ ጥበብ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ጸሐዬ በሩ ላይ ሲስሉ፣ ገና ሳይናገሩ፣ "ጸሐዬ ነህ? ሳልህን አውቀዋለሁ" አሏቸው። "ሽብሩ የተቀበረ ዕለት ከኋላ ቆመህ ስትስል ነበር።"

እሳቸውም ያንኑ ታሪክ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ወይዘሮ ጥበብ ነጠላቸውን እያጣጠፉ አዳመጡ።

"ሽብሩ ብርጭቆ ባነሳ ቁጥር 'ቀስ በል፣ ሰባሪው' እለው ነበር" አሉ በመጨረሻ። "እየሳቅኩ። እሱም ይስቅ ነበር።" "ለእኔ ነገርከኝ፤ እሺ። ሰፈሩም እኮ ሰባሪው ነበር የሚለው" አሉ።

ጋሽ ጸሐዬ ወደ ውብነሽ ዞሩ።

"ክፈቺው፣ ልጄ።"

"ሊንኩ ላላቸው ነው ወይስ..."

"ለሁሉም። ባለሱቁም ይስማው።"

ውብነሽ እርግጠኛ መሆናቸውን ደግማ ጠየቀች፤ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከፈተችው። የምስራች በስልኳ ቪዲዮውን አስነስታ ድምፁን የመጨረሻው ድረስ ጨመረችና ወደ መንገዱ ያለውን በር ወለል አድርጋ ከፈተች።