የእናቴ የእሳት ገል

ሸክላ የተማርኩት ፊደል ካስቆጠርኳት ሴት ነው። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ወርጄ እኔ «ሀ ሁ» ሳስተምራት፣ እሷ ድስት አሠራሯን አሳየችኝ። ወንድ ልጅ እጁን ጭቃ ውስጥ ሲከት እያየች በሳቅ ትፈርስ ነበር። ያየሁትን ሁሉ በደብተር ጽፌ፣ ጓሯችን ውስጥ ሸክላ ልሠራ እየፎከርኩ ኮልፌ ገባሁ።

አፈሩን ከወንዝ ዳር አምጥቼ አደረቅሁ፣ ወቀጥኩ፣ ነፋሁ፣ ዘፈዘፍኩ። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ሳምንት አሳደርኩትና በእግሬ ረገጥኩት። ሦስት ድስት ሠራሁ፤ ሦስቱም እሳት ውስጥ ጧ! ብለው ፈነዱ። የመጀመሪያው ፀሐይ ስለመታው ነው ብዬ ሁለተኛውን ጥላ ሥር አደረቅሁ። ሦስተኛውንማ ወደ ጉንጬ እያስጠጋሁ፣ ቅዝቃዜው እስኪጠፋ ድረስ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩት። ጉንጭ ላይ ከቀዘቀዘ፣ ሸክላው ውስጡ ገና ውኃ አለ ማለት ነው። እሱም ፈነዳ።

እናቴ ስብርባሪውን ጠርጋ ቦይ ደፋችው። «ሰው ልጁ ከዘመቻ ሲመለስ ይኮራል፤ የኔው ሸክላ ሠሪ ሆኖ ገባ! ጎረቤት ምን ይለኛል? አራተኛው ከፈነዳ ጭቃህንም ትደፋታለህ።» እናቴ አንዴ አለች ማለት አለች ነው።

ያን ሰሞን ክብሪት ከቀበሌ ሱቅ ጠፍቶ፣ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት ፍም የምታመጣው በገል ነበር። የሠርጓ ጠላ የተጠመቀበት ጋን ስባሪ ናት፤ ጋኑ ከተሰበረ ስንት ዘመኑ፣ ያችን ቁራጭ ግን አልጣለቻትም። አንድ ቀን ምድጃው ዳር ተቀምጬ ሳገላብጣት፣ የተሰበረው ጠርዟ ላይ ቀያይ ፍርፋሪ አየሁ። በጥፍሬ ጫር አደረግሁት። ሸክላ ነው! ሸክላ ውስጥ የተወቀጠ ሸክላ! ዘልዬ ተነሳሁ። ሴትዮዋ ጭቃው ላይ እፍኝ ዱቄት ስትነሰንስ አይቼ፣ ምን እንደሆነ ሳልጠይቃት «አመድ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለካ እንዳይፈነዳ የምትጨምርበት የተወቀጠ ገል ኖሯል። ፊደል አስተማሪው እኔ!

ጎረቤት ዞሮ ሌላ ገል መለመን ይቻል ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ደስታው አሳብዶኝ ማን ይጠብቅ? እናቴ አስራ ስምንት ማዞሪያ ደርሳ እስክትመለስ ገሏን ሙቀጫ ውስጥ ወቅጬ፣ ነፍቼ፣ ከጭቃው ጋር ለወስኩ። ጭቃው ወዲያው ጠባዩ ተለወጠ፤ መዳፌ ላይ መጣበቁን ትቶ ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። እየዘፈንኩ ነው ድስቱን የሠራሁት።

ድስቱ ጥላ ሥር ሲደርቅ በሰነበተባቸው ሁለት ሳምንታት እናቴ ገሏን ስትፈልግ ከረመች። «አላየሁም» አልኳት። በቆርቆሮ ክዳን ፍም እያመጣች ጣቷን ስትጠበስ አያለሁ፤ አፍራለሁ።

የማቃጠያው ቀን ፍሙን ራሷ አመጣችልኝ። «ይኸው እሳትህ። የመጨረሻህ ናት።»

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «እማዬ፣ ገልሽ ድስቱ ውስጥ ናት» አልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

ድስቱን ትክ ብላ አየችው። ትጮኻለች ስል ኩበቱን ወደኔ ገፋ አደረገች። «እንግዲያው ቀስ አድርገህ አንድድ!»

አጠገቤ ቁጭ አለች። መጀመሪያ በጭሱ ብቻ አሞቅነው፤ ከዚያ ዙሪያውን በኩበት ከበብነውና እሳቱን ለቀቅንበት። ጧ የሚል ነገር ጠበቅን። ምንም የለም! ልገልጠው ስል እጄን በጥፊ መታችኝ። «ነፋስ ልታስመታው ነው እንዴ? ራሱ ይብረድ!» አመዱ እስኪቀዘቅዝ እሷም እኔም ከዚያ ንቅንቅ አላልንም።

ድስቱ ደህና ነበር። በጣቴ አንኳኳሁት፤ ጥንን አለ። ከደስታዬ ብዛት ስጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

በሳምንቱ ቀበሌ ሱቅ ክብሪት ገባ። አንድ ሙሉ ፓኮ መደርደሪያችን ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ግን ጠዋት ድስቴ ውስጥ አመድ አንጥፋ፣ እሳት ልትጭር ወጣች። ከአጥሩ ማዶ ድምጿ ይሰማኛል።

«ልጄ ነው የሠራው» ትላለች። «ገሌም እዚሁ ውስጥ አለች።»