ፊልሙን ልጨርስ ያልኩ ቀን

ወንዙ ሲያጓራ ስሰማ እጄ ላይ እስክሪብቶ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ባላልፍም፣ በየሳምንቱ አንድ የድሮ ፊልም አይቼ አስተያየቴን ደብተር ላይ ልጽፍ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ልጄ ቀደም ብላ፣ «እማዬ፣ ደጋው ጠቁሯል፤ ወንዝ ዳር ያሰጣነውን ልብስ እናንሳ» ብላኝ ነበር።

«ፊልሙን ልጨርስ፤ አንቺ ሂጂ።»

«ተዋናዮቹ ሞተው አልቀዋል፤ የት ይሄዱብሻል?» ብላ ስቃ ወጣች።

እዚህ ፀሐይ ቢሆንም ጎርፍ ከደጋ እንደሚወርድ ቆላ ተወልጄ ጠፍቶኝ አይደለም። ለፊልም ብዬ ልጄን ብቻዋን መላኬ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ጉርምርምታውን እንደሰማሁ «ያ ረቢ!» እያልኩ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ውሃው ጉልበቷ ደርሷል፤ እሷ ልብሱን ታቅፋለች።

«ጣይው!» ብዬ ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ከወንዙ ከፍ ብሎ ያለው አስፋልት ላይ ስንወጣ፣ «አልሃምዱሊላህ፣ ተርፈናል» አልኳት።