ልብ ይሰፋል

ምላጭ ይሏታል፤ የማተሚያ ቤት አራሚ ናት። ስሙን ያወጡላት ጽሑፍ ለቃሚዎቹ ናቸው፤ አንዲት የተሳሳተች ፊደል በፊቷ በሰላም አልፋ ስለማታውቅ። ባለሥልጣን ይጻፈው ባለቅኔ፣ ቀይ እስክሪብቶዋ አይለይም። «ይቺ ልጅ የራሷን የሞት ማስታወቂያ ብታይ እንኳ ነጠላ ሰረዝ ሳታስገባ አትቀበርም» ይላሉ፣ ከጀርባዋ፤ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ።

በዚያ ሳምንት ጠረጴዛዋ ላይ የደረሰው ወረቀት ግን ከእስክሪብቶዋ በፊት ደሟን አፈላው። ቅድመ አያቷ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እምዬ የሚላቸው፣ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ዘመድ አዝማድ በስፌት ቤታቸው ተሰብስቦ ሊያስባቸው ተስማምቷል፤ ለእንግዶች የምትታደለውን የአንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ደግሞ አጎቷ ጽፎ ልኳል። አጎቷ ጡረታ የወጣ የመምሪያ ኃላፊ ነው። ጡረታ የወጣው ግን ከመሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው፤ ከቋንቋው ገና አልወጣም።

«ክብርት እናታችን» ይላል ወረቀቱ፣ «በአልባሳት ዘርፍ በግንባር ቀደምትነት በመሰማራት የኅብረተሰቡን ዘርፈ ብዙ የአለባበስ ፍላጎት በማርካት ረገድ የማይተካ ሚና ከመጫወታቸውም በላይ…»

ምላጭ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ዘርፍ አገኘች፤ ረገድ አገኘች፤ ሚና አገኘች። ሰው ብትፈልግ አጣች። ይህ ወረቀት እንዲህ እንዳለ ከታተመ፣ ከእንግዲህ የሚወለዱት ልጆች እምዬን የሚያውቋቸው እንደ አንድ መለስተኛ ፋብሪካ ነው።

እምዬ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በቃ። አንዲት መንገድ ዳር ያለች ክፍል፣ አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ የአዝራር ጣሳ፣ አንገታቸው ላይ እንደ ሜዳሊያ የተንጠለጠለ ሜትር። ጸሎታቸው የተለየ ሰዓት አልነበረውም፤ ከመኪናው ጋር ይነሣል፣ ከመኪናው ጋር ይቆማል። እግራቸው ፔዳሉን ሲረግጥ አፋቸው ከፈጣሪ ጋር ያወጋል። ክር ሲበጠስ «ቆየኝማ ጌታዬ፣ ክር ላስገባ» ይላሉ። ይልሱታል፣ ያሾሉታል፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስገቡታል፤ ከዚያ «እሺ፣ ምን ላይ ነበርን?»

በየአደባባዩ ደረቱን እየደቃ የሚጸልይ ሞልቷል፤ ፈጣሪን ጆሮው የማይሰማ ጎረቤት ይመስል በጩኸት የሚጠራ። እምዬ ከመኪናው ድምፅ በላይ ጮኸው አያውቁም። የሚጸልዩት ደግሞ እጃቸው ላይ ላለው ልብስ ባለቤት ነው።

«የዚህን ሱሪ ጌታ አደራህን» ይላሉ፤ «ጉልበቱ የሳሳው አንተ ፊት ተንበርክኮ እንዳይመስልህ፤ የሰው አጥር ሲዘል ነው።»

ለአንዲት ኩሩ ደንበኛቸው ደግሞ፦ «ቀሚሷን አጥብቢልኝ ብላለች። ቀሚሱን እኔ አጠብበዋለሁ ጌታዬ፤ ወገቧን ግን ላንተ ትቻለሁ።»

ከሁሉ የሚገርመው ታፔላቸው ነው። ስፌት ቤቱ ሲከፈት አንድ ታፔላ ጸሐፊ «ልብስ ይሰፋል» ብሎ እንዲጽፍ ታዘዘ። ሰውየው ፊደል አሳምሮ በማወፈር የሚታማ አልነበረም፤ ቆርቆሮ መለካት ላይ ግን ፈጣሪ አልረዳውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት እንደ ሁለት በሬ አግዝፎ ጻፈና፣ ቦታው እያለቀ እንደሆነ ሲያይ ተደናግጦ አንዷን «ስ» ውጦ አለፈ። በሩ ላይ የተሰቀለው «ልብ ይሰፋል» ነበር። «ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ሄደ። ያ ነገ እነሆ ስልሳ ዓመት አለፈው፣ እስካሁን አልነጋም።

ሰፈሩ ሳቀ። ጠብቆ ቢያነቡት መርፌና ክር፣ ላልቶ ቢያነቡት ሆደ ሰፊነት፤ በየትም ቢያነቡት መሳቂያ። ከሳቂዎቹ ሁሉ ያየለው አንድ ግንበኛ ነበር፤ ሲሚንቶ እንደለበሰ ከጓደኞቹ ተለይቶ በሩ ላይ ቆመና ደረቱን በእጁ ይዞ፦

«እማማ፣ ልቤ ተተርትሯል። በእጅ ነው በመኪና የሚሰፉልኝ?»

ጓደኞቹ ውጭ ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ። እምዬ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አዩት።

«ግባ፤ ቁጭ በል። የቱ ጋ ነው የተተረተረው?»

ተረበኛው ለወጉ ተቀመጠ። ጓደኞቹ ጠብቀው ጠብቀው ሄዱ። ሲወጣ መሽቶ ነበር፤ ሚስቱ ጥላው መሄዷን ለሰው የተናገረው ያን ቀን ነው። በማግስቱ አንዲት በርጩማ ይዞ መጣ፤ ራሱ ያበጃት፣ አንድ እግሯ ያጠረ። «ለሚቀጥለው ሰው» አለ። ከዚያ ወዲያ ልብስ ያመጣ ደንበኛ መደርደሪያው ጋ ቆሞ ይስተናገዳል፤ በርጩማዋ ላይ የሚቀመጠው ሌላ ነገር ያመጣ ነው። እምዬ ምክር አይሰጡም። ይሰፋሉ፤ ይሰማሉ፤ ሲጨርስ ስሙን ጠይቀው ከመኪናው ጋር ወደ ላይ ያስተላልፉታል።

ምላጭ ፊደል የቆጠረች ዓመት፣ ገና ምላጭ ሳትሆን፣ ስህተቱን አገኘችው። ዓለምን ያዳነች መሰላት። በርጩማዋን አውጥታ ቆመችባትና፣ በጠመኔ በሁለቱ ቃላት መካከል አንዲት ቀጭን «ስ» ሰነቀረች። እምዬ ወጥተው አዩ።

«ይቺን ማን አመጣት?»

«እኔ! ስህተት ነበረው እኮ እምዬ። ስንት ሰው አይቶት አንድም ሰው አላወቀም!»

«እኔስ ከተሰቀለ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላረሙትም?»

«ላርመው ብዬ ጠየቅሁታ» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ሰማይ እያሳዩ። «ስህተት የሚያርምልኝ ሰው ሞልቶኛል፤ እስኪ አንዱን አኑሪልኝ አለኝ።»

በእርጥብ ጨርቅ ጠረጓት። ልጅቷ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ ካደገች በኋላም አራሚ ሆነች። በእልህ ነው የሚሉ አሉ።

እነሆ ያቺው ልጅ የአጎቷን ወረቀት ዘቅዝቃ፣ ጀርባው ላይ ሌላ የሕይወት ታሪክ ጻፈች፤ ሱሪውን፣ ወገቡን፣ ግንበኛውን ሁሉ። አጎቷ ሲሰማ ከረባቱን እንኳ በቅጡ ሳያስር ማተሚያ ቤት ድረስ መጣ።

«ልብስ ሰፊ? ልብስ ሰፊ ብለሽ ጻፍሽ? ስንት የተከበረ ሰው ይመጣል መሰለሽ!»

«ምን ይሁኑልዎ ታዲያ ጋሼ? ሚኒስትር?»

«በአልባሳት ዘርፍ የተሰማሩ ብትይ ምንሽ ይጎድላል?»

«እምዬ ይጎድላሉ።»

«አንቺ ምላስሽን ነው እንጂ ሰው መች ታከብሪያለሽ! ስለ በርጩማ፣ ስለ አልቃሻ ግንበኛ… ቁም ነገር ነው ይሄ?»

ምላጭ ቀይ እስክሪብቶዋን ከደነችው። «እርስዎም እኮ ተቀምጠውባታል ጋሼ። ከወንበርዎ ያነሱዎ ጊዜ።»

ማተሚያ መኪናው ውጭ ይንጓጓል። አጎቷ በሩን አየ፣ መልሶ እሷን አየ።

«ማን ነገረሽ?»

«የእምዬ መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ፤ አዝራር እለቅም ነበር።»

«ሕፃን ነበርሽ። ምን ታውቂያለሽ።»

«ማልቀስና ማስነጠስ እለይ ነበር።»

«ጉንፋን ነው» አለ አጎቷ።

«እሺ ጋሼ። ጉንፋን።»

ከረባቱን እንደገና አሰረ፤ ያን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ከረባት አልነበረም። «ልብስ ሰፊ በይው እንግዲህ» አለ በመጨረሻ። «ግን የማነበው እኔ ነኝ። አንዲት ስህተት፣ አንዲት ብቻ ባይ፣ እዚያው ሰው ፊት ነው የማዋርድሽ። አራሚ ነኝ ትይ የለ!»

ምላጭ ወረቀቱን ለኅትመት ከመስጠቷ በፊት ለአንድ አፍታ አሰበች። ከዚያ በሥራ ዘመኗ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ደህና የነበረችውን አንዲት ፊደል በገዛ እጇ ሰረዘች።

በዕለቱ ስፌት ቤቱ ሞላ፤ የተረፈው ታፔላው ሥር መንገድ ላይ ቆመ። አሁን አዛውንት የሆነው ግንበኛ በገዛ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይወዛወዛል። አጎቷ መነጽሩን ሰክቶ ወረቀቱን በመምሪያ ኃላፊ ድምፅ ማንበብ ጀመረ። ስለ አጥር ዘላዩ ሱሪ ሲያነብ ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳያስበው ፈገግ አለ። ስለ ወገቡ ሲያነብ አንዲት ወፍራም እመቤት ከኋላ «እኔ ነኝ፤ ጌታ አሁንም አልሰማቸውም!» ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት።

ከዚያ የመጨረሻው መስመር ደረሰ። «እምዬ በዚህች ክፍል ስልሳ ዓመት ሙሉ ልብ…»

ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ አራቀ። ከመነጽሩ በላይ ምላጭን ፈለጋት። እሷ የስፌት መኪናው ጋ ቆማለች። አሁን «ይቅርታ፣ የኅትመት ስህተት ነው» ካለ፣ እምዬ ታረሙ ማለት ነው፤ እሷም ከነሙያዋ ለዘላለም መሳለቂያ ናት።

አጎቷ አፍንጫውን አበሰ። ቀና ብሎ ታፔላው ወደተሰቀለበት በር አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«…ልብ ሰፉ» አለ። አንዲት ፊደል አልጨመረም።

«ስህተት የለውም!» ብሎ ጮኸ ግንበኛው ከበርጩማው፣ ማንም ሳይጠይቀው፤ ሊነሣ ሲል ያጠረው የበርጩማዋ እግር ከዳውና እዚያው ሰው ላይ ተደገፈ። ሳቅና እንባ ተደባልቆ መንገዱ ድረስ ወጣ።

ሰው ሲበተን አጎቷ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ወረቀቱን አራት አጥፎ በደረት ኪሱ ከትቷል።

«ጉንፋኑ ነው ጋሼ?» አለችው።

«ዝም በይ። አራተኛው መስመር ላይ ነጠላ ሰረዝ ረስተሻል።»

ሳቀችበት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን በቀስታ አንድ ወረቀት አንስታ አየች።

እውነቱን ነበር።