የአማረች ቃል በእኔ አፍ

ይህን የሚጽፍላችሁ ተራ ሰው እንዳልሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ። እንግሊዝኛን ያስተማረኝ የለም። በጋሞ ደጋ፣ ኦቾሎ መንደር ከሸማኔ ቤት ተወልጄ፣ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት አቋርጬ፣ በአንድ የጥጥ እርሻ የመጋዘን ዘበኛ ሆኜ ሳለሁ ሽፋኑ የተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍ አገኘሁ። ጆንያ ላይ ተቀምጬ አራት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በአምስተኛው ዙር የመጽሐፉን ስህተቶች በእርሳስ ማረም ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ በአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማመልከቻና ራፖር ጸሐፊ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። ዲግሪ ያላቸው መምህራን ሳይቀሩ ደብዳቤያቸውን ይዘው እየመጡ "ቲቸር ሻንቆ፣ እስቲ ይቺን ይመልከቱልኝ" ይሉኝ ነበር። ተመልክቼ አርሜላቸዋለሁ።

በተለይ "ሪፖርትድ ስፒች" የሚባለውን፣ ሰው የተናገረውን ለሌላ ሰው የማድረስ ሥርዓት፣ እንደ እኔ የሚያስተምር በጋሞ ምድር አልነበረም። ሌሎቹ ሰንጠረዥ ያስገለብጣሉ። እኔ ግን ሁለት ተማሪዎችን ከክፍሉ ጫፍና ጫፍ አቁሜ አጣላቸውና ሦስተኛውን መልእክተኛ አደርገዋለሁ። አንዱ "ነገ እዚህ እመጣለሁ" ሲል መልእክተኛው "በማግሥቱ እዚያ እንደሚመጣ ተናገረ" ብሎ ያደርሳል። "እኔ" የነበረው "እሱ" ይሆናል፣ "አሁን" የነበረው "ያኔ" ይሆናል። ሰነፍ የተባለ ተማሪ እንኳ በሁለት ሳምንት ይገባው ነበር።

ከዚህም ሌላ አስታራቂ ሽማግሌ ነኝ። በቀበሌያችን ሁለት ሰዎች በድንበር ሲጣሉ መሐል የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። አንደኛው "አንገቱን እቆርጠዋለሁ" ያለኝ እንደሆነ ለሌላኛው "ልቡ ክፉኛ አዝኗል" ብዬ አደርሳለሁ። ሌላኛው "ውሻ ነው" ካለ "ዝምድናችንን ረስቷል ይላል" እላለሁ። መራራውን መሐል መንገድ ላይ ጥዬ የሚዋጠውን ብቻ ይዤ እገባለሁ። በዚህ መንገድ ያስታረቅኳቸው ሰዎች ልጆች ዛሬ ተጋብተው ወልደዋል።

ታዲያ እንዲህ የተከበርክ ሰው ለምን ወጣህ ትሉኛላችሁ። ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ያስተማርኳቸው ሁሉ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጡ። እኔ በሰጠኋቸው እንግሊዝኛ ነው የወጡት፤ አግዳሚ ወንበሮቼ ግን ባዶ ቀሩ። ሚስቴ ሞተች። ልጄ እንድርያስ ከዚያ ሆኖ ደወለ፦ "አባዬ፣ እዚህ ሐበሻው በእጁ ነው የሚነጋገረው። አንተ ብትመጣ ንጉሥ ነህ።" ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። እንዲህ ተብሎ የሚቀር ማን አለ?

የወጣሁ ለት ሲቀላ ገና አልነቃችም፤ ከባጃጆቹም የተነሡት ሁለት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። እህቴ ከኦቾሎ ወርዳ የደረቀ የሽፈራው ቅጠልና አንድ ጠርሙስ ዳጣ አስታቀፈችኝ። "እዚያ ቅጠል የለም እንዴ?" ስላት "አንተ የምትበላው ቅጠል መኖሩን በምን አውቃለሁ?" አለችኝ። አውቶቡሱ ወደ ኮንሶ ሲያቀና ሐይቁን በግራ በኩል አየሁት፣ ከዚያ አንገቴ እስኪያመኝ ዞሬ አየሁት፣ ከዚያ ዛፍ ጋረደው።

መንገዱን በዝርዝር አልነግራችሁም፤ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያልሄዳችሁበት ባታውቁት ይሻላል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በአንዱ ድንበር ላይ ፈታሹ ዳጣዬን ከፍቶ አሸተተና ዓይኑ በእንባ ተሞላ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ምግብ ነው።"

"ምግብ ሰው አያስለቅስም።"

"የእኛ ያስለቅሳል፣ ጌታዬ" አልኩት። ጠርሙሱን ወሰደው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የደረስኩባት ከተማ ከደቡብ አፍሪካ ትልቁ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ትርቃለች። ሰኔና ሐምሌ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ በአርባ ምንጭ ሙቀት ያደገ ሰው ጣቱ ደንዝዞ ብዕር መያዝ ያቅተዋል። ምግባቸው ፓፕ ይባላል፤ ነጭ የበቆሎ ገንፎ ነው። በቆሎ መሆኑን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። ስቀምሰው ግን ቁርቁፋ የምንለው የእኛ የበቆሎና የሽፈራው ምግብ ነው፤ ቅጠል የሌለው ቁርቁፋ፣ ጨው የረሳ ሰው የሠራው ቁርቁፋ። ሙዝም አላቸው፤ ፍሪጅ ውስጥ ከርሞ የወጣ፣ መልኩ እንጂ ጣዕሙ ሙዝ ያልሆነ። ጎረቤት እንደ እኛ አገር ሳያንኳኳ አይገባም፤ ቢያንኳኳም አይገባም።

እንድርያስ ስፓዛ የሚሉት ሱቅ ነበረው፤ በብረት ፍርግርግ የታጠረ፣ ዕቃው በፍርግርጉ መሐል የሚሸጥ። እኔ ከጀርባው ያለችውን ክፍል ተከራየሁ። ጣሪያው ያፈስ ነበርና ለአከራዩ ነገርኩት። "ነገ እጠግነዋለሁ" አለኝ። በማግሥቱ ሄጄ በንጹሕ እንግሊዝኛ፣ አንዲት ቃል ሳላዛንፍ፣ "በማግሥቱ እንደሚጠግኑት ነግረውኝ ነበር" አልኩት።

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ማዳላ" አለኝ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው፣ "አንተ ጠበቃ ነህ?"

"አስተማሪ ነኝ።"

"እንግዲያው ስማ፣ አስተማሪ። ነገ አልኩ እንጂ የትኛው ነገ እንደሆነ አልተናገርኩም።"

ጣሪያው ሁለት ክረምት አፈሰሰ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ በሰፈሩ ወጣ። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሐበሻ ያለበት ሁሉ "ቲቸርን ጥሩ" ይባል ጀመር። አማርኛ ለሚናገረው በአማርኛ፣ ጋሞኛ ለሚናገረው በጋሞኛ። ንጉሥ ትሆናለህ ያለኝ ልጄ አልዋሸም።

አማረች የመጣችው በሦስተኛው ዓመቴ ነው። ከሲቀላ በስተሰሜን ያለችው የምዕራብ ዓባያ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አምስት ዓመት የሆናትን ሴት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ነው የመጣችው። ከባሏ ጋር ሐይቁ ዳር የሙዝ መሬት ነበራቸው። መሬቱን የፈለጉ ጉልበተኞች ባሏን ገደሉባት። ከዚያ እሷ ደጅ መጡ። እዚህ የምትኖርበት ወረቀት ካላገኘች ወደ እነሱ ትመለሳለች፤ ነገሩ ይኸው ነበር። በስደተኞች ጽሕፈት ቤቱ ጋሞኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ስላልነበረ "ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡልኝ" አለችኝ። ኮቴን አስተኮስኩና ገባሁ።

ጠያቂዋ ከልጄ የምታንስ ወጣት ሴት ናት። እንግሊዝኛ አንተንና እርስዎን አይለይም፤ እኔ በልቤ "እርስዎ" ብላኛለች ብዬ ተቀበልኩ።

"አስተርጓሚው እርስዎ ነዎት?"

"አስተርጓሚም አስተማሪም።"

"ዛሬ አስተርጓሚ ብቻ ይሁኑ። ሰዎቹ በሯ ላይ ምን እንዳሏት ትንገረኝ።"

አማረች ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰዎቹ ያሏትን ደገመችው። "ተመልሰን እንመጣለን። ያኔ ልጅሽን ፊትሽ አርደን አንቺን ከባልሽ ጎን እንቀብርሻለን" እንዳሏት ተናገረች። የሰደቧትንም ስድብ፣ እዚህ የማልጽፈውን፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ሕፃኗ የጠረጴዛውን ጠርዝ ትነካካ ነበር።

እኔ ቀና ብዬ ያቺን ወጣት አየኋት። ሕፃኗን አየሁ። ሽማግሌ እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ተቀብሎ በሌላ ሰው ፊት አያፈስስም። አፌን ከፍቼ "ዘይ ቶልድ ኸር ዛት ዘይ ዉድ ከም አጌን" አልኩ። ተመልሰው እንደሚመጡ ነገሯት። ስለ መሬቱም ቅር መሰኘታቸውን ገለጹላት ብዬ ጨመርኩ። ሰዋስዉ እንከን አይወጣለትም።

ጠያቂዋ ብዕሯን አቆመች። "እሷ ብዙ ተናገረች። እርስዎ አጭር አሉ።"

"ጋሞኛ ረጅም ቋንቋ ነው" አልኳት።

ጻፈች። ስንወጣ አማረች "ነገርኳት አይደል?" አለችኝ፤ "ነገርሻት" አልኳት። በዚያን ቀን በራሴ እኮራ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ደብዳቤው ከስምንት ወር በኋላ መጣ። አማረች ሱቃችን ድረስ ይዛው መጥታ በፍርግርጉ መሐል አቀበለችኝ፤ የሚያነብላት እኔ ነኝና። ቆሜ አነበብኩላት። አመልካቿ በአስተርጓሚዋ በኩል እንደተናገረችው ሰዎቹ ተመልሰው እንደሚመጡና ቅር መሰኘታቸውን ከመግለጽ በቀር ያሏት የለም፤ ይህም በሕይወቷ ላይ የተቃጣ ዛቻ አይደለም፤ ጥያቄዋ ተቀባይነት አላገኘም። እንድርያስ የሚቆጥረውን የሳሙና ካርቶን አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ እኔ እንዲህ ነው ያልኩት?"

ደብዳቤውን መልሼ አጠፍኩት።

"ይንገሩኝ እንጂ። ልጅሽን እናርዳለን ማለታቸውን አልነገሯትም?"

"ልጅቷ ትንሽ ናት… ጠያቂዋም ልጅ ናት። ነገሩን ለማለዘብ ብዬ…"

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። "ያንን ቃል እኔ ሁለት ጊዜ ችዬዋለሁ" አለችኝ። "አንዴ ሲሉኝ፣ አንዴ ስደግመው። እርስዎ አንድ ጊዜ መቻል አቃተዎት?"

ይግባኙን እኔው ጻፍኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ እንግሊዝኛ ጽፌ አላውቅም። ያሏትን በትእምርተ ጥቅስ፣ ስድቡን ጭምር፣ እንዳለ አሰፈርኩት። ከሥሩ ስሜን ጽፌ፣ በትክክል አለማስተርጎሜን፣ ጥፋቱም የእሷ ሳይሆን የእኔ መሆኑን ፈረምኩበት። እንድርያስ "አባዬ፣ ይህን ከፈረምክ ከእንግዲህ ማንም አይጠራህም" አለኝ። ፈረምኩ። መልሱ ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ አስተርጓሚው የመጀመሪያውን ቃሉን ራሱ ካፈረሰ ሁለተኛውን ለማመን ምክንያት የለም።

አማረች ይህን እንኳ እስካነብላት አልቆየችም። የምትከራይበት ቤት ስሄድ ሌላ ሰው ገብቶበታል። ልጇን ይዛ ወደ ምዕራብ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍራለች አሉኝ። ወደ የትኛው አገር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስልኳ አይሠራም።

ሰባት ዓመት አለፈ። ልጄ ሁለተኛ ሱቅ ከፍቷል። እኔ አሁንም ሙቀት እናፍቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሲቀላ ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ዝም የሚልበትን ያንን ሙቀት። በአውሮፕላን ብመለስ ግን ከዋና ከተማው ወደ ሲቀላ ስወርድ በምዕራብ ዓባያ፣ በአማረች አገር በኩል ማለፍ አለብኝ። የሠራሁትን ግን ማንም አይወስድብኝም፤ እነሆ፦

እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ ተምሬአለሁ።

በሲቀላ ከሦስት መቶ የማያንሱ ሰዎች አስተምሬአለሁ፤ በአምስት አገር ተበትነው በእኔ እንግሊዝኛ እንጀራ ይበላሉ።

በሃምሳ ስምንት ዓመቴ አምስት ድንበር ተሻግሬአለሁ።

አከራዬ ጣሪያውን ጠግኗል፤ በሦስተኛው ዓመት ቢሆንም።

ከአማረች በኋላ የስደተኞች ጽሕፈት ቤቱ ባይጠራኝም በሐኪም ቤትና በፖሊስ ጣቢያ አስተርጉሜአለሁ፤ የሰማሁትን ሁሉ፣ ስድብም ሆነ እርግማን፣ እንዳለ አድርሻለሁ። አፌ እየተንቀጠቀጠ ያደረስኩበት ቀን አለ።

የአማረችን እናት ስልክ አፈላልጌ አግኝቼ በየእሑዱ እደውላለሁ። ሴትዮዋ አርጅተዋል፤ ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሱኝ "ምን አለች?" ይሉኛል። እንድርያስ ከጎኔ ሆኖ "አባዬ፣ ደህና ነኝ ብላለች በላቸው፣ ምን ይጎዳሃል?" ይለኛል። ቃሉ ምላሴ ላይ ይመጣል። አላወጣውም። "ምንም አላለችም፣ እማማ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ስልኩን አይዘጉም፣ እኔም አልዘጋም።